ሬዲዮው ለምን የመጀመሪያውን ቃል ይበላል? ስለ ትራንክ ሬዲዮና ስለ ስካነር

ሻርጃ ውስጥ በአንድ የገበያ ማዕከል በጥበቃ የሚሠራ ወንድማችን ሰሞኑን በድምፅ መልእክት ሁለት ጥያቄ ልኮልናል። የመጀመሪያው፦ አሜሪካ ያለው የአጎቱ ልጅ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮ የሚያዳምጥበት ስካነር የሚባል ዕቃ አለው። "እኔ አዲስ ልገዛ ነው፣ አሮጌውን ልላክልህ፤ የሥራ ቦታህን ሬዲዮም ትሰማበታለህ" ብሎታል። ልቀበል ወይ? ሁለተኛው፦ "በሬዲዮ ስናገር የመጀመሪያ ቃሌ ሁልጊዜ ይቆረጣል። አለቃዬ 'አጥርተህ ተናገር' እያለ ይቆጣኛል። ጥፋቱ የሬዲዮው ነው የኔ?"

ለመጀመሪያው አጭር መልስ፦ ወንድሜ፣ አትቀበል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እንመጣበታለን። የሁለቱም ጥያቄ መልስ ግን የሚወጣው ከአንድ ቦታ ነው፤ ትራንክ ከሚባለው የሬዲዮ አሠራር።

ተራው ዎኪቶኪ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ጥበቃ ቻናል 1፣ ጽዳት ቻናል 2፣ ጥገና ቻናል 3። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መስመር አለው። ዓርብ ከሰዓት ገንዘብ ልትልኩ የገባችሁበትን ቤት አስቡት። አምስት መስኮት አለ፤ አንዱ ለኢትዮጵያ ብቻ፣ አንዱ ለህንድ ብቻ፣ አንዱ ለፊሊፒንስ ብቻ ተብሎ ተከፋፍሏል እንበል። የህንዶቹ ሰልፍ ከበር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ የኛ መስኮት ያለችው ልጅ ደግሞ ሰው አጥታ ስልኳን ትነካካለች። መስኮት አለ፣ ግን አያገለግልም።

አሁን ሁሉም በር ላይ ቁጥር ይውሰድ እንበል። ሰሌዳው "47፣ መስኮት 3" ሲል ትሄዳላችሁ። መስኮት 3 የናንተ አይደለም፤ ለዚያች ጉዳይ ብቻ የተሰጣችሁ ነው። ስትጨርሱ ለሌላ ይሰጣል። ትራንክ ማለት ይኸው ነው። ቻናሎቹ የማንም አይደሉም፣ በአንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ኮምፒውተር ክፍት የሆነውን ያድላል። ቁጥር የሚጠራውን ሰሌዳ ሥራ የሚሠራ አንድ ቻናል አለ፤ መቆጣጠሪያ ቻናል ይባላል።

ጥቅሙ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። አግነር ኤርላንግ የተባለ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ የሚሠራ ዴንማርካዊ በ1917 ባወጣው ቀመር ሲሰላ፣ ከአምስት ጥሪ አንዱ "ተይዟል" ቢባል ችግር የለውም ካልን፣ ተነጣጥለው የቆሙ አምስት ቻናሎች በሰዓት የ75 ደቂቃ የንግግር ፍላጎት ነው የሚችሉት። እነዚያኑ አምስቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ በተራ ብታድሏቸው 240 ደቂቃ ይችላሉ። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው ሰልፉ ብቻ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዛት የምታገኙት የትራንክ ዓይነት ቴትራ ይባላል፤ መነሻው የአውሮፓ ደረጃ ነው። በዱባይ የመንግሥት የሆነው ኒዳእ የሚባለው ኔትወርክ በዚህ ነው የሚሠራው፤ ስሙ በአረብኛ "ጥሪ" ማለት ነው። ቴትራ አንዱን የሬዲዮ ሞገድ በጊዜ ለአራት ይከፍለዋል፤ አራት ሰዎች በየተራ በጣም ፈጥነው እየገቡበት ማንም ሳይታወቀው አራት ንግግር ይሄድበታል። ሁለት ሞገድ ያለው አንቴና ስምንት ቦታ አለው ማለት ነው፦ አንዱ መቆጣጠሪያ፣ ሰባቱ ለንግግር።

ወደ ተቆረጠው ቃል እንመለስ። ቁልፉን ስትጫኑ ሬዲዮው ወዲያው ድምፃችሁን አይልክም። መጀመሪያ ለመቆጣጠሪያው "እኔ ቁጥር ይህ ነኝ፣ ለዚህ ቡድን መናገር እፈልጋለሁ" ይላል። ኮምፒውተሩ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ የቡድኑን ሬዲዮዎች ሁሉ "ወደዚህ ቻናል ሂዱ" ይላል፣ ከዚያ ለናንተ አጭር "ቲት" ይሰጣል። ይሄ ሁሉ በቴትራ የሰኮንድ ሲሶ ያህል ይፈጃል። ትንሽ ናት፣ ግን አንድ ቃል ለመብላት ትበቃለች።

እኔም ከዚህ ሥራ በፊት ሆቴል ውስጥ ጥበቃ ነበርኩ፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የኋላው በር ላይ ያልተመዘገበ መኪና ቆሞ አየሁና ለበረኛው፣ ሱዳናዊ ነው፣ በአረብኛ "ላ ተፍታሕ" አልኩት፤ አትክፈት ማለቴ ነው። ቁልፉን ከመጫኔ አፌ ቀደመ። "ላ"ው ተበላ፣ እሱ የሰማው "ተፍታሕ" ነው። ከፈተ። የሦስት ቀን ደመወዝ ተቆረጠብኝ፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። በእንግሊዝኛም "ዶንት" ከፊት ነው የሚመጣው፣ በኛም "አት" ከፊት ነው። ክልከላ በየቋንቋው ፊት ለፊት ተቀምጦ ለመቆረጥ የተዘጋጀ ይመስላል።

ስለዚህ ተጫኑ፣ "ቲት" እስኪል ጠብቁ፣ ከዚያ ተናገሩ። ድምፁ ከተዘጋባችሁ በልባችሁ "አንድ" በሉ። ንግግራችሁን በትእዛዝ አትጀምሩ፤ "ጌት ሁለት፣ ጌት ሁለት" ብላችሁ ጀምሩ፣ ቢበላም የሚበላው ስም ነው። ቻናል ሁሉ ተይዞ የእምቢታ ድምፅ ቢሰጣችሁ እየደጋገማችሁ አትጫኑ፤ እያንዳንዱ ጫና አዲስ ጥያቄ ነው፣ መቆጣጠሪያውን ታጨናንቃላችሁ። ከላይ ያለችው ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቁልፍ ደግሞ የአደጋ ጥሪ ናት፤ ሰልፍ አታውቅም፣ ከሁሉ ቀድማ ትገባለች።

የናንተ ሬዲዮ ትራንክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ሁሉም አይደለም፤ ትንንሽ ሕንፃዎች እስካሁን ተራውን ዎኪቶኪ ነው የሚይዙት። ስትጫኑ የፈቃድ ድምፅ ካለና ስክሪኑ ላይ የቡድን ስም ከታየ ትራንክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ማዞሪያው እንዳያሳስታችሁ፤ በትራንክ ማዞሪያው የሚቀይረው ቡድን እንጂ ሞገድ አይደለም።

ስካነር ጋ ስንደርስ፣ የአጎት ልጅ አልዋሸም። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ትልቅ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው፣ በአብዛኛው ቦታም የተፈቀደ ነው። ድሮ የፖሊስን ሞገድ ቁጥር ካወቅህ በቃ፣ እዚያ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። ትራንክ ሲመጣ ጨዋታው ፈረሰ። በአንዱ ሞገድ ላይ ፖሊስ "የት ነህ?" ሲል ትሰማለህ፣ መልሱ በሌላ ሞገድ ይሄዳል፣ አንተ ጋ የቆሻሻ መኪና ሾፌር ይመጣልሃል። በ1997 ዩኒደን የተባለው ኩባንያ መፍትሔ አመጣ፤ የሱ ስካነር መቆጣጠሪያውን ቻናል ራሱን ያዳምጣል። ለጆሮ እንደ ንብ የሚጮኸውን መረጃ አንብቦ "ይህ ቡድን ወደ መስኮት 4 ሄደ" ሲባል አብሮ ይሄዳል። ሰሌዳውን እያየ ከሰው ኋላ እንደሚከተል ሰው ማለት ነው። ከዚያ ዲጂታሉ መጣ፣ አሜሪካኖቹ ፒ 25 የሚሉትን ይጠቀማሉ፤ ቀጥሎም ምስጠራ። የኒውዮርክ ፖሊስ በ2023 ሬዲዮውን መመስጠር ሲጀምር ብዙ አድማጭና ጋዜጠኛ ጆሮው ተዘጋ። ስካነሩ ማን ወደየት እንደሄደ ሊያይ ይችላል፣ የተመሰጠረውን ንግግር ግን አይፈታም።

እንግዲህ ለአሜሪካ ተብሎ የተሠራ ስካነር ቴትራን አብዛኛውን ጊዜ አያነብም። ዕቃው እዚህ ላይጠቅም ይችላል ማለት ነው። ዋናው ግን እሱ አይደለም። በኤምሬትስ፣ በሳዑዲ፣ በኳታር የሬዲዮ መሣሪያ ማስገባትና መጠቀም የአገሩን የቴሌኮም መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጸጥታ ኃይል ግንኙነት ማዳመጥ ደግሞ በስለላ ዓይን ነው የሚታየው። በ2015 ፉጀይራ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አውሮፕላን መመልከት ትርፍ ጊዜያቸው የሆነ ሦስት እንግሊዛውያን ተይዘው ሁለት ወር ገደማ ታስረዋል። አገራቸው ኤምባሲ አለ፣ ጋዜጦቹም ጮኸውላቸዋል፤ እንዲያም ሆኖ ሁለት ወር። በከፊል ቪዛ ያለ ሰው ክፍል ውስጥ ስካነር ቢገኝ "ለጨዋታ ነው" የሚለውን ማን ይሰማል? በኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ርካሽ የቲቪ መቀበያም ለዚሁ ሥራ ከዋለ ያው ነው። ለልጆች ስጦታ ብላችሁ ዎኪቶኪ ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድ የምታስቡም ብትኖሩ፣ የሬዲዮ መገናኛ እዚያም ፈቃድ ስለሚፈልግ ጉምሩክ ላይ ይቀርባችኋል።

የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ጠያቂያችን ባይጠይቀውም ይመለከተዋል። ሬዲዮው በተጫነ ቁጥር መታወቂያ ቁጥሩን ይልካል ብለናል። ያ ቁጥር መዝገብ ላይ በናንተ ስም ነው ያለው፤ ማን በስንት ሰዓት እንደተናገረ ይቀመጣል፣ በብዙ ቦታ ንግግሩም ይቀዳል። "ጠርቼ ነበር፣ መልስ አጣሁ" ብላችሁ ከተከራከራችሁ መዝገቡ ሊመሰክርላችሁ ስለሚችል እንዲታይ ጠይቁ። ፈረቃ ስትለዋወጡ ሬዲዮውን በእጅ ብቻ አትቀባበሉ፤ ደብተሩ ላይ ይፈረም። ሬዲዮ ከጠፋባችሁ ደግሞ ፈርታችሁ አትደብቁ። ቴትራ ከሆነ ከማዕከል በአንድ ትእዛዝ ሊዘጋ ይችላል፤ እስኪዘጋ ድረስ ግን ያገኘው ሰው የሚናገረው በናንተ ቁጥር ነው። ለአለቃችሁ ያኔውኑ በዋትሳፕ ጻፉ፣ ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀርላችኋል።