የሚያድነን መሰላል ቢሰበርስ?

ዛሬ ስለ እሳት አደጋ መኪና መሰላልና ሪኮል ስለሚባለው ነገር ላስረዳችሁ ነው።

እኛ ማጂ መሰላል ስንል ቆርቆሮ ሲመታ ግድግዳ ላይ የሚደገፈውን የእንጨት መሰላል ነው። የእሳት አደጋ መኪና መሰላል ግን ግድግዳ አያስፈልገውም። ከመኪናው ላይ ተነስቶ አየር ላይ ይዘረጋል። 30 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርስ አለ። የብረት ክፍሎቹ አንዱ ካንዱ ውስጥ እየወጡ ይረዝማሉ። የሚያነሳው በፓምፕ የሚገፋ ዘይት ነው፤ ሃይድሮሊክ ይባላል። መኪናው እንዳይገለበጥ ደግሞ በግራና በቀኝ የብረት እግር አውጥቶ መሬት ይረግጣል።

ታዲያ አደጋው ምኑ ላይ ነው? ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ ባልዲ ውሃ አንጠልጥላችሁ ለመያዝ ሞክሩ። ባልዲው ያው ነው፤ ዱላው በረዘመ ቁጥር ግን እጃችሁ ላይ ይከብዳል። በሳይንስ ሌቨር ብለን የተማርነው ይኼው ነው። ስለዚህ አንድ ብየዳ ቢሰነጠቅ ላይ ያለው ሰው ሊወድቅ ይችላል። በፈረንጆች 1875 ኒውዮርክ ውስጥ አዲስ ረጅም መሰላል ሲሞከር ተሰብሮ 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል።

አንድ መኪና ላይ ጉድለት ሲገኝ እሱን ብቻ መጠገን አይበቃም። ፋብሪካው በዚያው ዓይነት ብዙ ሠርቷልና የአንዱ በሽታ የሌሎቹም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሻንሲ ቁጥራቸው እየለየ ለባለቤቶቹ ያሳውቃል፤ አደገኛ ከሆነም «እስኪስተካከል አትጠቀሙበት» ይላል። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች በነፃ እንዲያስተካክል ሕግ ያስገድደዋል። ሪኮል ማለት ይህ ነው፣ መልሶ መጥራት እንደማለት። አንዳንድ ሰው «ሪኮል የተደረገ ዕቃ አይረባም» ይላል። እኔ ግን ጉድለቱን የሚናገር ከሚደብቅ ይሻላል እላለሁ።

እንዲህ ያለው ጥሪ ሲዘገይ ምን እንደሚመጣ አገራችን በአውሮፕላን አይታዋለች። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. አንድ ቦይንግ 737 ማክስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። ሌሎቹ ማክሶች ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የአየር መንገዳችን በረራ 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። ሁለቱንም ወደ ታች የደፋቸው አንድ ዓይነት የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር። በዓለም ያሉት ማክሶች በሙሉ የታገዱት ከዚህ ከሁለተኛው በኋላ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ ቢቆሙ ኖሮ እነዚያ 157 ሰዎች ቤታቸው ይገቡ ነበር።

እኛም ፋብሪካ ባይኖረን ሪኮል ማድረግ እንችላለን። የአንድ ዴስክ እግር ከተሰነጠቀ አብረው የተሠሩትን ሁሉ እንይ፤ ለክፍል ኃላፊያችን እንንገር። የቤታችን መሰላልም አንድ መርገጫው ከላላ ሌሎቹን ሳንፈትሽ አንውጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

በሌላ ጽሑፍ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል