የመርማሪው ጥያቄና የደመኛው ጥያቄ

ሰው በተገደለ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ማን ገደለው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ደሙን በማን ላይ እንመልስ?» የሚል ነው። ውድ አንባቢ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ይመስሉዎት ይሆናል። ነገር ግን የመጀመሪያው የመርማሪ፣ ሁለተኛው የደመኛ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው። መርማሪ በደመኛ ቦታ የቆመ ዕለት ምን እንደሚሆን ለማየት የሚፈልግ ሰው «ሰባት» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ይመልከት።

ይህ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በመስከረም ወር 1988 ዓ.ም. ነው። ደራሲው አንድሩ ኬቪን ዎከር፣ አዘጋጁ ዴቪድ ፊንቸር ይባላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ በአሜሪካ የተሠሩትን፣ ጨለማ የሞላባቸውን የወንጀል ፊልሞች ፈረንሳዮች «ጥቁር ፊልም» ብለው ሰይመዋቸው ነበር፤ «ሰባት»ም የእነዚያ የልጅ ልጅ ነው። ታሪኩ የሚፈጸምባት ከተማ ስም የላትም፤ ዝናቡ አያባራም፤ ቤቱም መንገዱም ጨለማ ነው።

ሁለት የፖሊስ መርማሪዎች አሉ። ሞርጋን ፍሪማን የሚጫወተው ሽማግሌው ሶመርሴት ጡረታ ለመውጣት ሰባት ቀን ቀርቶታል። ብራድ ፒት የሚጫወተው ወጣቱ ሚልስ ደግሞ ለከተማይቱ እንግዳ፣ ለቁጣም ፈጣን ነው። የሚያድኑት ነፍሰ ገዳይ ሰዎችን የሚገድለው በሰባቱ ከባድ ኀጢአቶች እያመካኘ ነው፤ አንዱን ስለ ሆዳምነቱ፣ አንዱን ስለ ስስቱ፣ ሌላውን ስለ ስንፍናው እያለ ይቀጥላል። ሶመርሴት ሌሊቱን በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የዳንቴንና የቾሰርን ድርሰቶች ሲያገላብጥ ያድራል። ገዳዩ የጣቱ አሻራ እንዳይገኝ ጣቱን የሚልጥ ሰው ነው። የሚጠራበት ጆን ዶ የሚለው ስምም አሜሪካኖች ማንነቱ ላልታወቀ ሰው የሚሰጡት ነው፤ እኛ «እገሌ» እንደምንለው ያለ ነው።

መጨረሻውን ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነውና። ገዳዩ በራሱ ፈቃድ እጁን ይሰጣል። መርማሪዎቹንም ወደ ምድረ በዳ ይወስዳቸዋል። እዚያ አንድ ሣጥን ይመጣል፤ በውስጡ ያለው የሚልስ ሚስት ራስ ነው። ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ገዳዩ በሚልስ ኑሮ ቀንቼ ነው ብሎ የቅናትን ኀጢአት ለራሱ ይወስዳል፤ የቀረው ቁጣ ብቻ ነው። ሶመርሴት መሣሪያህን ጣል ብሎ ይለምናል። ሚልስ ግን ይተኩሳል። እጁ የታሰረውን ሰው ሲገድል ሰባተኛውን ኀጢአት ራሱ ፈጸመ፤ ገዳዩም ሞቶ አሸነፈ። የፊልሙ ኩባንያ ይህን መጨረሻ ለማለስለስ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን አዘጋጁና ብራድ ፒት እንዳይለወጥ ተከራከሩ። መልካም አደረጉ።

ይህ የሩቅ አገር ተረት ነው እንዳይሉ፣ የእኛም ሲኒማ በደም ነገር አልፎበታል። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. ያዘጋጀው ፊልም «ጉማ» ይባላል። ጉማ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ በደም የተፈላለጉ ወገኖች በካሣ የሚታረቁበት ሥርዓት ነው። በቀድሞ ዘመን በአማራው አገርም አውጫጭኝ ነበረ፤ ወንጀል የተሠራ እንደ ሆነ የአገሬው ሰው በአንድነት ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም ነበር። ሸክሙ ከባድ ቢሆንም ጥያቄው የመርማሪ ጥያቄ ነበር።

ይህ ጥያቄ የተረሳ ጊዜ ምን እንደሚደርስ ካማሺ አይታለች። ካማሺ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከዐባይ በስተ ደቡብ ያለች፣ ከወለጋ ጋር የምትጎራበት አገር ናት፤ ጉሙዙና ኦሮሞው በገበያና በእርሻ ሲገናኙ ኖረዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን ባለ ሥልጣኖች በመንገድ ላይ ሳሉ ተገደሉ። ገዳዮቹ እነማን እንደ ሆኑ እስኪጣራ የጠበቀ አልነበረም። የጥቂቶች ሥራ ለሕዝብ ሁሉ ተቈጠረ፤ ጎረቤት በትውልዱ ብቻ ዕዳ ከፋይ ሆነ። ብዙ ሰው ሞተ፤ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠርም ከቤቱ ተሰደደ። በ«ሰባት» አንድ መርማሪ ትክክለኛውን ገዳይ ገድሎ ጠፋ። በካማሺ ግን የተቀጡት ያልገደሉ ናቸው።

የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ታጣቂዎች በ2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ተፈራርመዋል። ጉሙዞች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ማንገማ የሚሉት የሽምግልና ሥርዓት አላቸው። ሽማግሌዎች በደም የተቃቃሩትን ወገኖች አቀራርበው የሚያስታርቁበት ነው። የፖሊስ ምርመራ ጥፋቱን ከባለቤቱ ጋር ያጣብቃል፤ ሽምግልና ደግሞ የቀረው ሰው ተመልሶ አብሮ እንዲኖር ያደርጋል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ይህን ፊልም የሚያዩበት ቀን ቢመጣ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ገዳዩን ትተው ራስዎን ይመልከቱ። ሚልስ መሣሪያውን ባነሣ ጊዜ ልብዎ «ተኩስ!» ይል ይሆናል። የብዙ ሰው ልብ እንዲህ ይላል፤ ሰባተኛው ኀጢአትም ከተመልካቹ ወንበር የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።