የፎገራ መቃብር፦ ዕቅዱ ከውሃው ይጀምር

በደቡብ ጎንደር ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ከደጋው ጠርገው ባመጡት ደለል የተሠራ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል፤ ሩዝ የተስማማውም ለዚህ ነው። ለመቃብር ግን ይኸው ውሃ ፈተና ነው። ዋልካው ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመ የሲሚንቶ ሐውልትም አብሮ እየተነሣና እየወረደ ይዘምማል። ስለዚህ ያረጀ የገጠር መቃብር ይታደስ ሲባል ከእምነ በረዱ በፊት መታሰብ ያለበት የውሃው መንገድ ነው።

ጉዳዩ የጤናም ነው። አስከሬን ቶሎ የሚፈርሰው አየር በሚያገኝ አፈር ውስጥ ነው፤ የሚወጣውን ፈሳሽ የሚያጣራውም ከሥሩ ያለው ደረቅ አፈር ነው። ጉድጓዱ ውሃ ከቋጠረ መፍረሱ ይዘገያል፣ ፈሳሹም ሳይጣራ ከከርሰ ምድር ውሃ ይቀላቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጽሑፍ የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው ከፍተኛ ደረጃ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ እንዲል፣ መቃብሩም ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድና ምንጭ 250 ሜትር እንዲርቅ የተመከረው ለዚህ ነው። በፎገራ ይህ ማለት አዲስ ቀብር በጉብታ ወይም አፈር ተሞልቶ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ጎርፍ በሚመልስ ቦይ ተከቦ፣ ከጸበሉም ርቆ ይሁን ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው በመቃብሩ ዙሪያ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች 168 የእንጨታማ ዕፀዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ ከብት ሲከለከል ችግኝ እንደሚያገግምም አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስለዚያው አካባቢ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ግንባታና ምንጣሮ በበዛበት ደን የዛፉም የችግኙም ብዛትና ዓይነት እንደሚያንስ አመለከተ። እንግዲህ አዲሱ ቀብር ወደ ደኑ እየሰፋ ከሚሄድ በአንድ ወገን ተሰብስቦ በድንጋይ ካብ ቢታጠር፣ ዳር ዳሩን ወይራ፣ ዋንዛና ዶቅማ ቢተከል ደኑም መቃብሩም ይጠበቃሉ።

የአባቶች አፅም ይነካል የሚል ሥጋት ቢነሣ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሚመራው ውሃው እንጂ የሚነሣ አፅም የለም። ሥር መቃብር ያፈርሳል ለሚልም፣ ትልልቁ ዛፍ ከመቃብሩ ርቆ በዳርቻው ይተከላል። ሐውልት ካልቆመ ስም ይጠፋል የሚባለውን የስቶክሆልም የደን መቃብር ይመልሰዋል፤ ዝቅ ያሉ የስም ድንጋዮች በነባር ጥዶች መካከል የተቀመጡበት ይህ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለእኛም ዝቅ ያለ የስም ድንጋይና በሰበካ ጉባኤው እጅ የሚቀመጥ የመቃብር ካርታ ይበቃል። ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የደብሩ አገልጋዮችና የዕድር ሽማግሌዎች፣ በሙስሊሞች መቃብርም የመስጊዱ ኃላፊዎች፣ በሐምሌ ዝናብ ግቢውን ዞረው ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ምልክት ቢያደርጉ የዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ተሠራ ማለት ነው።