አሠልጣኝ ነው ወይስ ደብዳቢ? ውሻችሁን ለማን ልትሰጡ ነው?

ዘንድሮ በአዲስ አበባ ውሻ ማሳደግ ትልቅ ግቢ ላላቸው ሰዎች ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። ወጣቱም ቡችላ ይገዛል፣ ስም ያወጣለታል፣ አብሮት ፎቶ ይነሳል። ጣጣው የሚመጣው ቡችላው ጎርምሶ ጫማ መብላትና እንግዳ ላይ መዝለል ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ "አሠልጣኝ የምታውቁት አለ?" ይባላል። ስልክ ቁጥር ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋል። ስልኩን የሚያነሳው ሰውም "አንድ ወር ስጡኝና እንደ ወታደር ቀጥ አድርጌ እመልስላችኋለሁ" ይላል።

እሰይ፣ ተገላገልን! ግን ቆይ እስቲ... ቀጥ የሚያደርገው በምንድን ነው?

ልብ በሉ። ፀጉር ቆራጭ ፀጉራችሁን ቢያበላሸው በወሩ ይበቅላል። የተበላሸ ውሻ ግን ማታ ማታ የሚያድረው እናንተው ቤት ነው። ታናሽ እህታችሁም የምታድረው እዚያው ነው።

በዓይናችሁ ሳታዩ እንዳትከፍሉ

መጀመሪያ ውሻውን ቤት ትታችሁ ብቻችሁን ሂዱ። ሰውየው የሌላ ሰው ውሻ ሲያሠለጥን ቆማችሁ ተመልከቱ። "አይ፣ ሰው ማየት አይችልም" ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ከፈቀደላችሁ ደግሞ እሱን ተዉትና ውሾቹን እዩ። ሲጠራቸው ጅራታቸውን እየቆሉ ይሮጣሉ? ጥሩ ነው። ጅራታቸውን እግራቸው መሐል ወሽቀው፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ አጣብቀው፣ በሆዳቸው እየተሳቡ ይመጣሉ? ያ ፍርሃት ነው። "አያችሁ እንዴት እንደሚያከብሩኝ!" ቢላችሁ እንዳትሸወዱ።

ደህና አሠልጣኝ ከኪሱ ቁራሽ ሥጋ አይጠፋም። ውሻው የተባለውን ሲያደርግ ወዲያው ይሸልመዋል። "ወዲያው" የምትለዋን ያዟት! ሽልማቱ ከዘገየ ውሻው ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። ሲያጠፋ ደግሞ የሚፈልገውን ነገር ይነፍገዋል። ለምሳሌ እንግዳ ላይ የሚዘለውን ውሻ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ግን ይዳበሳል። ይህ ሲደጋገም መዝለል ምንም እንደማያስገኝ ራሱ ይደርስበታል።

ዱላውስ? የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ሊተው ይችላል፤ ባለቤቱም "ሠለጠነልኝ" ይላል። ማጉረምረም ግን ውሻው "ራቁኝ፣ ደስ አላለኝም" የሚልበት ቋንቋ ነው። ዱላ ፍርሃቱን አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ማስጠንቀቂያውን ነው። ኋላ ላይ "ምንም ሳይል ድንገት ነከሰ" የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ውሻ ነው። አንገት ላይ ታስሮ በኤሌክትሪክ የሚነዝረውም መሣሪያ ከዱላ አይሻልም። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከልክላዋለች።

"አለቃውን ይወቅ!"

ብዙ አሠልጣኞች "ውሻ የተኩላ ዘር ነው፤ አለቃው ማን እንደሆነ በኃይል ማሳየት አለባችሁ" ይላሉ። ይህ አባባል መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ በአጥር ውስጥ የታጎሩ ተኩላዎች ለአለቅነት እንደሚፋለሙ ጻፈ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜችም በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን አሰራጨው። ይኸው ሜች በዱር ያሉትን ተኩላዎች ለዓመታት ካጠና በኋላ በ1999 የተለየ ነገር ይዞ መጣ፦ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው። በጉልበት የነገሠ አለቃ ሳይሆን ልጆቹን የሚያሳድግ ቤተሰብ ነው! እና ውሻን ጀርባው ላይ ገልብጦ አንገቱን መጫን በማን ተኩላ የተመሠረተ ነው?

"የፖሊስ ውሻ አሠልጥኛለሁ" የሚለውም አያደናግራችሁ። የእናንተ ውሻ ሌባ አሳዶ አይይዝም። ከእናንተ የሚጠበቀው ሲጠሩት የሚመጣ፣ መንገድ ላይ ገመድ የማይጎትት፣ ሕፃን ሲያይ የማይደነግጥ ውሻ ነው።

የክትባት ደብተሩን ይጠይቃል?

ብዙ ውሾች በሚሰባሰቡበት ክበብ አሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን የክትባት ደብተር ካልጠየቃችሁ፣ ሌሎቹንም አልጠየቀም ማለት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ክትባቱ እስኪያልቅ ብሎ ቡችላን ወራት ሙሉ መቆለፍም ሌላ ስህተት ነው። ቡችላ ሰውን፣ መኪናን፣ ሌላ ውሻን የሚለምደው በተለይ ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች የጠባይ ማኅበር በ2008 ባወጣው ምክር፣ ቡችላ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ትምህርት መጀመር ይችላል፤ የመጀመሪያውን ክትባት ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት መውሰድ ግን አለበት። ስለዚህ ቦታው ንጹሕ መሆኑን እዩ።

"ክፉ አድርግልኝ" የምትሉ...

ጥፋቱ ሁልጊዜ የአሠልጣኙ አይደለም። "ሰው የማያስጠጋ አድርግልኝ" ብሎ ውሻውን የሚሰጥም አለ። ወንድሜ፣ ሰው የማያስጠጋ ውሻ የአክስትህን ልጅ ከሌባ አይለይም! ሕጉም አይምርህም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። "አምልጦኝ ነው"፣ "እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልጠበቅሁም" ማለትም አያድንም። ካሳውን የምትከፍለው አንተ ነህ።

በመጨረሻ አሠልጣኙን ሦስት ነገር ጠይቁት። ውሻው ሲያገኝ ምን ታደርግለታለህ? ሲስት ምን ታደርገዋለህ? እኔስ ምን እማራለሁ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከሳቀ ነገሩ አብቅቷል። ውሻው ለአሠልጣኙ ብቻ ቢታዘዝ ምን ይጠቅማል? ወሩ ሲያልቅ ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ውሻው ከእናንተ ጋር ይቀራል። ጎበዝ አሠልጣኝ ገመዱን አስጨብጧችሁ እጃችሁን ያርማል፣ ቤት የምትለማመዱትንም ይሰጣችኋል።

ገመዱን ለእናንተ ለማያቀብል አሠልጣኝ እናንተም ገንዘባችሁን አታቀብሉት።