የመጀመሪያዋ ካሜራና የኔ 28 ሺህ ብር

ሰሞኑን አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደውሎ «ፎቶ ማንሳት ልማር ነው፤ የቱን ካሜራ ልግዛ?» አለኝ። ካሜራ አንግቼ ሲያየኝ ባለሙያ መስዬው ነው። እኔ ግን ካሜራ ከያዝኩ ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላኝም። ከዚያ በፊት የነበረውን ዓመት ከምናምን ያሳለፍኩት ካሜራ በመምረጥ ነው። በመምረጥ ብቻ። ስለዚህ ለእሱ በስልክ የነገርኩትን ትንሽ ሰፋ አድርጌ እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዕቁብ ወጣልኝ፤ 28 ሺህ ብር። ያኔ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ያገለገለ ካኖን 600ዲ፣ ከነ 18-55 ሌንሱና ከነ ቻርጀሩ በ27 ሺህ አገኘሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ስላይትሊ ዩዝድ ነው፤ አንድ ሰርግ ብቻ ነው የሰራው» አለኝ። (አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ ካሜራ ሁሉ የሰራው አንድ ሰርግ ብቻ ነው። ያ ሰርግ ምን ያህል ትልቅ እንደነበር እግዜር ይወቀው።) ወደድኩት። ግን «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁና ማታ ዩቲዩብ ከፈትኩ።

ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬ 600ዲ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፣ አርጅቷል፣ በዚህ ዘመን መስታወት የሌለውን፣ ማለትም ሚረርለሱን ነው መግዛት ይላል። ሁለተኛው ፉል ፍሬም ካልሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የሁለቱንም ሐሳብ ይነቅፋል። ሰዎቹ አይዋሹም፤ ግን የሚኖሩት ካሜራ አዝዘው በሁለት ቀን በራቸው ላይ በሚያገኙበት አገር ነው። እኔ ይሄን ረስቼ «ትንሽ ልጨምርበትና ሶኒ ኤ6000 ልግዛ» አልኩ። ትንሽ ጨመርኩ። ከዚያ «ትንሽ ልጨምርበትና...» እያልኩ ስቆጥብ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደረሰ።

ቀኑን የማትረሱት ይመስለኛል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን የፈቀደበት ቀን ነው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና ለጓደኞቼ ተንትኜ ነበር፦ «ካሜራ አስመጪው ድሮም ዶላር የሚገዛው በጥቁር ገበያ ስለሆነ የካሜራ ዋጋ ብዙ አይነቃነቅም።» በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ክፉ ትንታኔ አልነበረም። ሱቅ ስሄድ ግን ያው 600ዲ 45 ሺህ ተብሏል። «ያገለገለ እኮ ነው፣ የገባው ከዓመታት በፊት ነው!» ብዬ ተከራከርኩ። ልጁ ረጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ይሄን ሸጬ ሌላ የምተካው በዛሬ ዋጋ ነው» አለኝ። ከኔ የተሻለ ኢኮኖሚስት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ያልቸኮለችዋ ምን እንደደረሰባት ግን ማንም አልተረተላትም።

ይሄ ሁሉ የገንዘብ ወሬ ነው። ዋናው ጉዳቴ ሌላ ነበር። በ2017 ኅዳር ላይ አያቴ አረፈች። ለሐዘን ማስታወቂያው ፎቶ ሲፈለግ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩን ማገላበጥ ያዘ። ያለችው ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነው፤ ወይ ረከቦቱ ላይ አጎንብሳ ነው፤ ወይ ጨልማለች። በመጨረሻ የተገኘው ከአንድ የልደት ግሩፕ ፎቶ ላይ ተቆርጦ የወጣ ፊቷ ነበር። ተለቅ ተደርጎ ሲታተም ዓይኖቿ ሁለት ጭጋግ ሆኑ። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ አየሁት። ከሷ ቤት እስከኛ ቤት የታክሲ መንገድ 20 ደቂቃ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ዓመት ሙሉ የትኛው ካሜራ የቆዳ ቀለም ያሳምራል የሚል ቪዲዮ ሳይ ነው የከረምኩት።

በጥር ገዛሁ። 600ዲ፤ በ43 ሺህ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ሲነሳ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ጆርጅ አከርሎፍን ማንሳቱ አይቀርም። አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪኖች ገበያ በጻፈው ጥናት የሚለው ይሄን ነው፦ ሻጩ የዕቃውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው መሸጥ ይተዋል፤ ገበያው ላይ የሚተርፈው ብልሹው ይሆናል። ብልሹውን መኪና አሜሪካኖች «ሎሚ» ስለሚሉት ጥናቱም የሎሚ ገበያ ተባለ። (እኛ ጋ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት ልጅ የሚወረወር ነገር ስለሆነ ክፍል ውስጥ ሲነገረን ግማሻችን ግራ ገብቶን ነበር።) ሰውዬው በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። የአዲስ አበባ የካሜራ ገበያ ማለት ይሄው ነው። መፍትሔው ግን ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሱቁ ውስጥ የምታጠፉት ግማሽ ሰዓት።

ባትሪው የተሞላ፣ የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ የያዛችሁ ሆናችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሹተሩን ቁጥር ጠይቁ። ካሜራው ስንት ጊዜ «ቀጭ» እንዳለ የሚናገር ቁጥር ነው፤ የመኪና ኪሎ ሜትር በሉት። እንደ ኒኮን ዲ3200 ያሉት የጀማሪ ካሜራዎች ሹተራቸው እስከ 100 ሺህ ጊዜ ድረስ ተፈትኖ የወጣ ነው። 100 ሺህ ሲሞላ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ግን 90 ሺህ የሰራ ካሜራን «አንድ ሰርግ» ብሎ በአዲስ ዋጋ መሸጥ ድፍረት ነው። ኒኮን ላይ ቁጥሩ እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ አንድ ፎቶ አንስቶ ማስነበብ ይቻላል። 600ዲ ላይ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም፤ ካሜራውን በገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ በሶፍትዌር ማየት ይጠይቃል። ሻጩ «ለምን ትጨነቃለህ» ብሎ እምቢ ካለ፣ እምቢታውም መረጃ ነው።

ከዚያ ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጸዳል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማችኋል። ሌንሱን ከካሜራው ንቀሉትና የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በአንድ በኩል ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ውስጡ ካያችሁ ፈንገስ ነው። እሱን አመስግናችሁ መልሱ። እኔ ጥር ላይ ከ43ቱ ሺህ በፊት በ36 ሺህ ልገዛው የነበረው ካሜራ ሌንሱ እንዲያ ነበር፤ ሻጩ «ብርሃን ሲያርፍበት ነው እንጂ ፎቶ ላይ አይታይም» ሲለኝ ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሌላው፣ ካኖን 18-55 ሌንስ ሲሰጧችሁ ፊቱ ላይ «አይኤስ» የሚል መኖሩን እዩ። ያለው ሌንስ የእጅ መንቀጥቀጥን ያረጋጋል፤ የሌለውም አለ፤ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን አንድ መሆን የለበትም።

በነጻ ስለሚሰጥ ሜሞሪ ካርድ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ አትቀበሉ። የኔ ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ይላል። ግማሹ እንኳን ሳይሞላ የአክስቴን ልጅ የምርቃት ፎቶዎች በልቶብኛል። እስካሁን ሳገኛት መንገድ እቀይራለሁ።

የቱን ሞዴል ለሚለው የኔ መልስ ብዙ ሰው አያስደስትም። 600ዲ ይሁን ዲ3200፣ ለመማር የሚያስፈልገው ሁሉ በሁለቱም ላይ አለ፤ ሹተሩን፣ አፐርቸሩንና አይኤስኦውን ራሳችሁ የምትቆጣጠሩበት አለ፤ ለኋላ ማስተካከያ የሚሆነውን ሮው ፋይል ያነሳሉ። የ18 ሜጋፒክስልና የ24 ሜጋፒክስል ልዩነት ለጀማሪ ምንም አይፈይድም። ልዩነት የሚያመጣው ሌንስ ላይ ነው። ኒኮንን የምትመርጡ ከሆነ ግን ይሄን እወቁ፦ የዲ3000ዎቹና የዲ5000ዎቹ ካሜራዎች ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። ስለዚህ በርካሽ የምታገኙት የቆየው 50 ሚሊሜትር፣ ጫፉ ላይ «ዲ» ያለበት፣ ፎከሱን በእጃችሁ ካላዞራችሁ አይሰራም። «ኤኤፍ-ኤስ» የሚለውን ነው መፈለግ። ይሄን ሳያውቁ ገዝተው «ሌንሱ ተበላሽቷል» ብለው በኪሳራ የሸጡ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ።

ፍላጎታችሁ ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ከሆነ ምክሬን ጣሉት። 600ዲ ቪዲዮ ሲቀርጽ ሰውን በፎከስ አይከተልም፤ አንድ ክሊፕም 12 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ይቆማል። ለዚያ ካኖን 200ዲ፣ ወይም አቅም ካለ ሚረርለስ ይሻላል።

እኔ ከካሜራው ቀጥሎ የገዛሁት፣ ቀድሜ መግዛት የነበረብኝም፣ የካኖን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ነው። የአበሻ ቤት ጨለማ ነው። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ መጋረጃው ወፍራም ነው፣ አምፖሉ አንድ ነው። 18-55 ሌንስ 50 ላይ ሲሆን ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 5.6ን ለ1.8 አካፍሉና ውጤቱን በራሱ አባዙት፤ ወደ 10 ይመጣል። 50ው 10 እጥፍ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። በአንድ ስድስተኛ ሰከንድ የምታነሱትን፣ ማለትም ሰው ሲተነፍስ እንኳን የሚደበዝዘውን ፎቶ፣ በአንድ ስልሳኛ ታነሱታላችሁ። የአያቴ ዓይኖች የጠፉት በዚህ ልዩነት ውስጥ ነበር። ስልኩም ጨለማው ሲበዛበት ሹተሩን አዘግይቶት ነው፤ እሷ ደግሞ ቡና ስታፈላ እጇም ጭንቅላቷም አያርፉም ነበር። ጉድለቱም ይነገር፦ 600ዲ ላይ 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር ያጠብባል፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ነው የምታነሱት።

ስለ መንገድ ፎቶ ሱቅ ውስጥ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ። ትልቅ ካሜራ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ይጠራል። መርካቶ ላይ አውጥቼ ገና ሳላነሳ «ከየት ነህ? ማን ፈቀደልህ?» ተብያለሁ፤ አንድ ሕንፃ ጥበቃ ደግሞ የሰማዩን ፎቶ አስጠፍቶኛል። ሰማይ! ስለዚህ የመንገድ ፎቶ ለሚወድ ሰው አነስ ያለ ካሜራ ከጥራትም በላይ ዋጋ አለው፤ ኤ6000ን ዛሬም የምመኛት ለዚህ ነው። እስከዚያው አንስቼ ሳይሆን አስፈቅጄ ነው የምጀምረው። «እናቴ፣ አንድ ላንሳዎት?» ስል ብዙዎቹ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። አንዳንዶቹ ይቆጡኛል። ሽንኩርት ሻጭ አንዲት እናት ሾላ ላይ «ልታነሳኝ ከሆነ መጀመሪያ ግዛ» አሉኝ፤ አንድ ኪሎ ገዛሁ፤ እስካሁን ካነሳኋቸው የምወደው ፎቶ የሳቸው ነው።

ለፋሲካ እናቴን አያቴ ቤት፣ አያቴ ትቀመጥበት የነበረው ዱካ ላይ አስቀምጬ በ50ው አነሳኋት። ከመስኮቱ በኩል፣ ፍላሽ ሳልጠቀም። አይታው ብዙ ዝም አለችና «እሷን መስያለሁ አይደል?» አለችኝ። ከዚያ «በል ሌላ አንሳኝ፤ ፀጉሬን ላስተካክል» አለች።

ጓደኛዬ ትናንት መልሶ ደወለ። አንድ 600ዲ በ40 ሺህ አግኝቷል። «ልጁ ምን አለህ?» አልኩት። «አንድ ሰርግ ብቻ ነው የሰራው አለኝ።» ነገ አራት ሰዓት ላይ አብረን እንሄዳለን፤ ላፕቶፑንና ገመዱን እኔ ነኝ የምይዘው።