የጊታር ስፒከር ጨርቅ ሲያድፍ

እዚህ ሐርጌሳ በእኛ መካከል አንድ የጊታር ስፒከር የብዙ ሰው ነው። ሠርግ ሲኖር ወይም እንቁጣጣሽ ሲመጣ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ሲመለስ ሻይ ፈስሶበት፣ ወጥ ነክቶት፣ አቧራ ጠግቦ ነው። «ማን አቆሸሸው?» የሚል ንትርክ ይነሣና ባለቤቱ ዳግመኛ ላለማዋስ ይምላል። እድፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሊትር ባልበለጠ ውኃ የሚለቅ ነው። በጄሪካን ውኃ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (የዚህ ከተማ ሰው የድምፅ ዕቃን ዋጋ ያውቃል፤ ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በአውሮፕላን ስትደበደብ ብዙ የሬዲዮ ሐርጌሳ ቴፖች የተረፉት መሬት ውስጥ ተቀብረው ነው።)

በቅድሚያ ከጨርቁ በስተኋላ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፁን የሚያወጣው ክብ አካል አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ነው። ወረቀት ውኃ ሲጠጣ ይላላል፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ስለዚህ ስፒከርን እንደ ልብስ ውኃ አፍስሶ ማጠብ ጨርቁን አጽድቶ ድምፁን ማጥፋት ይሆናል።

ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ሳጥኑን ይመልከቱ። በአንዳንዶቹ ጨርቁ የተወጠረበት ፍሬም ብቻውን ይወጣል። የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ ማጽዳት ከሁሉ ይሻላል። በካቻቪቴው ግን ይጠንቀቁ፤ የስፒከሩ ማግኔት ስለሚስበው አምልጦ ወረቀቱን ሊቀድ ይችላል። ጨርቁ ስፒከሩ በታሰረበት ጣውላ ላይ የተለጠፈ ከሆነ እንዳለ ይጸዳል። አምፕሊፋየሩ በዚያው ሳጥን ውስጥ ካለ የኤሌክትሪኩን ክፍል በፍጹም አይክፈቱ። በተለይ በቫልቭ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ ይችላል፤ ሰው ይገድላል።

አቧራው ሳይረጥብ መነሣት አለበት። ውኃ ሲነካው ጭቃ ይሆንና በድርና በማጉ መካከል ይገባል። ሳጥኑን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉት።

ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ይምቱት። የሚፈለገው ውኃው ሳይሆን አረፋው ነው። በማይታይ ጥግ ሞክረው ቀለም የማይለቅ ከሆነ አረፋውን በነጭ ጨርቅ አንሥተው እድፉን ከዳር ወደ መሐል ጫን ጫን ያድርጉት፤ አይፈትጉት። በመጨረሻም በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን ያንሡ። የቀረ ሳሙና አቧራ ይሰበስባል።

የዚህ አገር ሻይ ወተትና ስኳር የበዛበት ስለሆነ መጀመሪያ በአረፋው፣ ቡናማው ምልክት ከቀረ ደግሞ አንድ እጅ አቼቶ ከሦስት እጅ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ይጸዳል። አስቸጋሪው ወጥ ነው። ዘይቱ በአረፋው ቢለቅም የበርበሬው ቅላት ይቀራል። ይህ ቀለም ግን በብርሃን ስለሚደበዝዝ ፍሬሙን ለብቻው አውጥቶ ለጥቂት ቀናት የጠዋት ፀሐይ ማስመታት ይረዳል። የሻማ ሰም ሲጠነክር በማንኪያ ጫፍ ይሰባበራል። ካውያ አያስጠጉ፤ በፌንደርና በመሳሰሉት ሳጥኖች ላይ ያለው ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ ክር የተሸመነ ስለሆነ ሙቀት ያኮማትረዋል።

በረኪና ቀለሙን ይበላል። ቲነርና አሴቶን ፕላስቲኩን፣ ሙጫውንና የሳጥኑን ልባስ ያቀልጣሉ። ቤንዚን በጠባብ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያሻም።

ከጸዳ በኋላ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ይደር፤ በደንብ ሳይደርቅ ገመዱ አይሰካ። እድፉ አልለቅ ካለ ወይም ጨርቁ ከተቀደደ ሌላ ሳሳ ያለ ጨርቅ መወጠር ይቻላል። ጨርቁን አፍዎ ላይ አድርገው እፍ ይበሉበት፤ ትንፋሽ በቀላሉ ካሳለፈ ይሆናል። ወፍራም የመጋረጃ ጨርቅ ግን ድምፁን ያፍነዋል።