ውፍረትን የማከም ሳይንስ፦ ከቀዶ ሕክምና እስከ ሳምንታዊ መርፌ

«ወፍረሻል፣ ተመችቶሻል!» ማለት በእኛ ዘንድ ዛሬም እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ሐኪሞች ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ የልብ ሕመምንና አንዳንድ ካንሰሮችን የሚያስከትል ሥር የሰደደ በሽታ ነው ይሉታል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ክብደት በኪሎ ተወስዶ፣ በራሱ በተባዛ የቁመት ሜትር ይካፈላል። ውጤቱ 30 ከደረሰ ሰውየው ከመጠን በላይ ወፍሯል ማለት ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 87 ኪሎ ሲመዝን እዚህ ደረጃ ላይ ይደርሳል።

የሕክምናው መነሻ አመጋገብና እንቅስቃሴ ነው። ይሁንና ብዙዎች የቀነሱት ክብደት ተመልሶ ይመጣባቸዋል፤ ሰውም «ሆዱን አይችልም» ይላቸዋል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ክብደት ሲቀንስ ከስብ የሚመነጨውና ለአንጎል «ስንቅ አለ» የሚለው ሌፕቲን ያንሳል፤ ከጨጓራ የሚወጣው የረሃብ ሆርሞን ግሬሊን ደግሞ ይጨምራል። ሰውነትም ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት ቅነሳ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ሰውነታቸው በእረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ጉልበት ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር።

ይህን የሰውነት እምቢታ በመስበር ቀዶ ሕክምና ቀዳሚ ሆነ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ለቁስለት ሲባል የጨጓራቸው ክፍል የተቆረጠ ሕመምተኞች እንደሚከሱ አስተውሎ፣ በ1960ዎቹ የጨጓራ ባይፓስን ጀመረ። በዛሬው ባይፓስ ከጨጓራው ጫፍ ትንሽ ከረጢት ተሠርታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትያያዛለች። ስሊቭ በሚባለው ዘዴ ደግሞ ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል።

መጀመሪያ ላይ ሰው የሚከሳው ጨጓራው ስለጠበበ ብቻ ይመስል ነበር። በኋላ ግን የስኳር ሕመምተኞች ገና ክብደታቸው ሳይቀንስ፣ በቀናት ውስጥ የደም ስኳራቸው ሲስተካከል ታየ። ምግብ ፈጥኖ አንጀት ሲደርስ ጂኤልፒ-1 የተባለው የጥጋብ ሆርሞን በብዛት ይመነጫል፤ በስሊቭ ደግሞ ግሬሊን ይቀንሳል። ቢላዋው የለወጠው የጨጓራን መጠን ብቻ ሳይሆን የሆድንና የአንጎልን ንግግርም ጭምር ነው።

ታዲያ ያው ንግግር ያለ ቢላዋ አይለወጥም? ችግሩ የተፈጥሮው ጂኤልፒ-1 በደም ውስጥ በጥቂት ደቂቃ መበተኑ ነበር። መፍትሔው ከመርዛማ እንሽላሊት መጣ። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኢንግ ሂላ ሞንስተር በተባለችው የበረሃ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራና ቶሎ የማይበተን ንጥረ ነገር አገኘ። ከዚያ የተሠራው የስኳር መድኃኒት በ2005 በአሜሪካ ተፈቀደ። እንደዚሁ ጂኤልፒ-1ን የሚመስለውና በሳምንት አንዴ የሚወጋው ሴማግሉታይድ በ2021 በታተመ ጥናት በ68 ሳምንት የተጠቃሚዎችን ክብደት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሁለት ሆርሞኖችን የሚመስለው ቲርዜፓታይድ በከፍተኛው መጠኑ 21 በመቶ ገደማ ደርሷል።

ሁለቱም መንገዶች ዋጋ ያስከፍላሉ። መርፌው ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ አልፎ አልፎም የሐሞት ጠጠርና የቆሽት ብግነት ያስከትላል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሴማግሉታይድን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ቀዶ ሕክምናው የመድማት፣ የስፌት መፍሰስና የደም መርጋት አደጋ አለው፤ የተሠራለት ሰው ዕድሜ ልኩን ቫይታሚንና ማዕድን መውሰድና መመርመር ይኖርበታል። በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ቀዶ ሕክምናን የሚመክረው መለኪያቸው 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች ነው፤ ስኳር ላለባቸው ከ30 ጀምሮ ይመክራል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን በየሱቁ «የተፈጥሮ ማክሻ» እየተባለ የሚሸጠው ነው። ለልብ አደገኛ ሆኖ በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ሲቡትራሚን በእንዲህ ያሉ እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። የደም ግፊት በሽተኛ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ወስዶ እንደማያፍር ሁሉ፣ ክብደቱ ያስቸገረው ሰውም ሊያፍር አይገባውም። ማክሻ ከመግዛትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።